ደወሉ አሰላ ቀረ

ይህን የምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ አንድ የእጅ ደወል ተቀምጧል። እጀታው ተሰብሮ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ፣ ድምፁ ግን ሦስት ክፍል አልፎ የሚሰማ አሮጌ የነሐስ ደወል ነው። ወደ ባሌ ስሄድ ከደብረ ብርሃን ይዤው ወጣሁ፤ ስመለስም ይዤው ገባሁ። ሮቤን ግን አላየም። የሆነው ሁሉ የሆነው በዚህ ምክንያት ስለሆነ አስቀድሜ መናገሩ ይሻላል።

በምሠራበት ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ የክርክር ክበቡን ከያዝኩም ዓመታት አልፈዋል። ተማሪዎቼ የማልሰማ ሲመስላቸው «ሰኮንዷ» ይሉኛል። ቅር አይለኝም። እኔ ዘንድ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ የተነገረ ነገር ወርቅ ቢሆንም ነጥብ የለውም። የክበባችንን ደንብና ቅጾች የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ሌሎች ትምህርት ቤቶችም እየገለበጡ ወሰዱት፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሮቤ ደረሰ።

ከሮቤ የደወሉልኝ የውድድሩ አስተባባሪ ናቸው። የአካባቢው ተማሪዎች በኦሮምኛም በአማርኛም ይከራከራሉ፤ በአማርኛው አንደኛ የሚወጣው አዲስ አበባ ላይ ለሚደረገው አገር አቀፍ ውድድር ይሄዳል። ለአማርኛው ዋና ዳኛ እንድሆን ነበር የጠሩኝ።

«እዚያ ሰው ጠፍቶ ነው?» አልኳቸው።

«ሰውማ ሞልቷል፣ መምህርት። ግን ዳኛው ከሮቤ ከሆነ ጎባ ያኮርፋል፤ ከጎባ ከሆነ ሮቤ ያኮርፋል። እርስዎ የማንም አይደሉም።»

የማንም አለመሆኔ ደስ አለኝ። ታኅሣሥ ገባ ሲል ደወሌን ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ብርድ አይፈራም ይባላል። ሲነጋጋ ስወጣ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር፤ ጎረቤቴ «ባሌ ከዚህ ይብሳል» ስትለኝ ሳቅኩባት። አዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ላይ ገባሁ። ቃሊቲ መናኸሪያ ስደርስ ግን የሮቤው አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ሄዷል። ሰኮንዷን መኪና አመለጣት። አንዲት ሻይ ሻጭ ፊቴን አይታ «አሰላ ሄደሽ እደሪ፤ ነገ ከዚያ ወደ ባሌ የሚሄድ አይጠፋም» ብላ መከረችኝ። የሻዩንም ሂሳብ አልቀበል አለችኝ፤ «መኪና ያመለጠው ሰው አይከፍልም» ብላ።

የአሰላው ሚኒባስ በተንገጫገጨ ቁጥር ሻንጣዬ ውስጥ ደወሉ ያንቃጭላል። ሞጆን እስክናልፍ ሰው ታገሠኝ። አዳማ ላይ የተሳፈረ ጎረምሳ ግን ዞሮ «ማዘር፣ የያዙት በግ ነው እንዴ?» አለኝ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። የትምህርት ቤት ደወል መሆኑን፣ ክርክር ልዳኝ እየሄድኩ መሆኑን ለሁሉም ማስረዳት ነበረብኝ። አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ በጥሞና ካደመጡኝ በኋላ «ለመከራከር ደወል ያስፈልጋል?» ብለው ጠየቁ።

«ለማቆም ነው የሚያስፈልገው» አልኳቸው።

«እኔም ቤት አንድ ቢኖር» አሉ።

አሰላ ያደርኩበት ፔንሲዮን የክፍሌ በር አልቆለፍ አለ። ባለቤቷ፣ ረጋ ያለች ሴት፣ አንድ ወንበር አምጥታ «ይህን አስደግፊ፤ እኔ ደግሞ ፊት ለፊት ነኝ» አለችኝ። እራት ብላ ያቀረበችልኝ ጩኮ ነበር፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የተለወሰ። የነቢያት ጾም መሆኑን ስነግራት ሳህኑን ይዛ ተመለሰች፤ ጥቂት ቆይታም ሌላ ዱቄት በዘይት ለውሳ መጣች። «ይህ ጩኮ አይባልም፤ ግን ብዪው» አለችኝ። እኛም አገር በሶ አለ፤ እንዲህ ለእንግዳ ሲባል ባሕርዩን የቀየረ በሶ ግን ቀምሼ አላውቅም።

ከመተኛቴ በፊት፣ በነገው መንገድ ደግሞ በግ ነጂ እንዳልባል ብዬ፣ የደወሉን ምላስ በካልሲ ጠቅልዬ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። ጠዋት ሁለተኛ መኪና እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ ወጣሁ። ዝም ያለ ነገር ደግሞ ይረሳል።

ሁለተኛው ቀን

በቆጂ ስንደርስ በመንገዱ ዳር ልጆች ይሮጡ ነበር። እኛም ዘንድ ጠዋት ጠዋት ሯጭ አይታጣም፤ የበቆጂዎቹ ግን ከመኪናችን እኩል እየሮጡ ወደ ውስጥ ያዩናል። አሳሳን አልፈን ወደ ዶዶላ ስንቃረብ ሜዳው በሙሉ ስንዴ ሆነ። የእኛ አገር ገብስ በየቁራጩ በድንጋይ ካብ ተከልሎ ነው የሚዘራው፤ እዚህ ዓይን እስኪደክመው ድረስ አንድ ቢጫ ነገር ብቻ ነው። ኮምባይነሮች አቧራ እያስነሱ ይሄዳሉ፤ ከኋላቸው ሰው በከረጢት ይጠብቃል።

ዶዶላን እንዳለፍን መኪናው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣ። ሁላችንም ከወንበራችን ተነሳን፤ ሻንጣዬ ግን ድምፅ አላሰማም። ያኔ ነው የገባኝ። ሻንጣውን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ እስከ ሥሩ ፈተሽኩት። ካልሲ አለ፤ አንድ እግር ካልሲ ብቻ።

ወደ አሰላ ስደውል የፔንሲዮኗ ባለቤት «አገኘሁት፤ ካልሲ አድርጎ ሳየው ሕፃን መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ነገ ጠዋት የሚደርስበት መንገድ እንደሌለ ሁለታችንም አወቅን። «ስትመለሺ ትወስጂዋለሽ፤ አደራውን ለእኔ ተዪው» አለች። እውነትም ስመለስ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅሎ ጠበቀኝ።

ዲንሾ ላይ ከርከሮዎች ተንበርክከው ሣር ይግጡ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ሲያይ እኔ ስልኬን እነካካ ነበር። ሰዓት ቆጣሪ አለው፤ የተሞላለት ደቂቃ ሲያልቅ ራሱ ይጮሃል። የእህቴ ልጅ የማንቂያውን ድምፅ አውራ ዶሮ አድርጋዋለች፤ እንዴት እንደሚቀየር አላውቅም። ሞከርኩት፤ ዶሮው ጮኸ፤ የተኛ ሰውዬ ነቃ።

ሮቤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባሁ። ዳኛ ከተወዳዳሪ መምህራን ቤት አያድርም የሚል አንቀጽ አለን፤ ስለዚህ አስተባባሪው ያሳረፉኝ እትዬ አስካለ ቤት ነበር። እትዬ አስካለ ሰባን ያለፉ፣ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው። አያታቸው ከመንዝ መጥተው ባሌ የቀሩ ሰው ናቸው። ከደብረ ብርሃን መምጣቴን ሲሰሙ በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤታቸው ተጣሩ።

«ጫልቱ! ኮቱ ካ! ነይማ፣ ከአገሬ ሰው መጥቶልኛል!»

«መንዝን ያውቁታል እትዬ?» አልኳቸው።

«የት አውቄው! እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ። አገሬ ማለት ግን ማን ይከለክለኛል?»

ጫልቱ የስንዴ ዳቦ ይዛ መጣች፤ እትዬ አስካለ ሽሮ አቀረቡ። ሁለቱ ሴቶች አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል፤ እኔ ግማሹን እየሰማሁ ግማሹን እየገመትኩ ሳቅኩ። የሮቤና የጎባን ነገር ጠየቅኳቸው። «ጎባ ታላቅ ነኝ ትላለች፤ ሮቤ ትልቅ ነኝ ትላለች» አሉ እትዬ አስካለ። «በመካከል ያለው ባጃጅ ነው የሚጠቀመው።»

ሲመሽ ብርዱ መጣ፤ ጎረቤቴ ልክ ነበረች። እትዬ አስካለ ሦስት ብርድ ልብስ ደራረቡልኝ። የላይኛው ጠርዝ ላይ የተሰፋውን ጨርቅ ሳነብ የተሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ከእኔ ቀድሞ ሮቤ ገብቶ ኖሯል።

ሦስተኛው ቀን

ውድድሩ የተካሄደው ሮቤ ውስጥ በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ነው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እኛ ዘንድ ለክርክር የሚመጣው ተማሪና ያስገደደው መምህር ነው፤ እዚህ ነጋዴውም፣ ሻይ ቤት የሚውለውም፣ እናቶችም መጥተዋል። እትዬ አስካለ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካክለዋል።

ሦስት ዳኞች ነበርን፤ ሁለቱ ከአካባቢው፣ ዋናዋ እኔ። ሰዓቱንም የምይዘው እኔ ነኝ። ደንቡን አነበብኩ። ማን ደጋፊ፣ ማን ተቃዋሚ እንደሚሆን በሳንቲም ይለያል። ለመክፈቻ አራት ደቂቃ፣ ለመዝጊያ ሁለት ደቂቃ አለ። ከወረቀት ማንበብ ነጥብ ያስቀንሳል፤ ተከራካሪን አንተና አንቺ ማለትም እንደዚያው። ሰዓት ካለቀ በኋላ የተነገረ አይያዝም። «ሰዓት ማለቁንም» አልኩ፣ «ዶሮ ይነግራችኋል።» አዳራሹ ሳቀ። ዶሮው መጀመሪያ ሲጮህ ደግሞ የባሰ ሳቁ፤ ተናጋሪውም አብሮ ሳቀ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ግን ለመዱት።

በምሳ ሰዓት አንዲት ልጅ ዳኞች ወደተቀመጥንበት መጥታ ጥቂት ራቅ ብላ ቆመች። ጎባን ወክላ ለፍጻሜ ያለፈችው ሰሚራ ናት። ቀጭን፣ ሻሿን አጥብቃ ያሰረች፣ ስትናገር ዓይኗን የማትሰብር።

«መምህርት፣ የደንብ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል?»

«የደንብ ከሆነ ይቻላል።»

«ዶሮው ሲጮህ ዓረፍተ ነገር መካከል ብሆን፣ መጨረስ ይፈቀዳል?»

«አይፈቀድም።»

«ግማሹንስ ብዬው ከሆነ?»

«ግማሹ ይያዝልሻል።»

ፈገግ አለች። «ግማሽ ዓረፍተ ነገር ግስ የለውም እኮ፣ መምህርት።» ልክ ናት፤ የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ይህን ያህል ዓመት አስተምሬ፣ ደንቤ ለቋንቋዬ እንደማይመች አስቤው አላውቅም ነበር። ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለሆነች ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነው፤ ካለፈች አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ ሕግ መማር ትፈልጋለች። ከሰነቲ ደጋ ባሻገር፣ ጫካ ውስጥ ባለችው ሪራ ነው ያደገችው፤ ያሳደጓት አያቷ ናቸው፤ ጎባ ቤት ተከራይታ ትማራለች። «አካኮ ዛሬ ሊሰሙኝ ይመጣሉ» አለች። አካኮ ማለት አያቴ ማለት ነው። «ስናገር ሰምተውኝ አያውቁም። መኪና ካገኙ።»

ለፍጻሜው የቀረበው ርዕስ «እህል ለመሰብሰብ ኮምባይነር ከደቦ ይሻላል» የሚል ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ከእሳትና ከውሃ ማን ይበልጣል እያልን ነበር የምንከራከረው፤ የዚህ አገር ልጆች የሚከራከሩት በራሳቸው እህል ነው። የሮቤው ዳዊት፣ አባቱ ስንዴ የሚነግድ ልጅ፣ ሳንቲሙ ደቦን ሰጠው። ጫካ ውስጥ ያደገችው፣ ኮምባይነር በቅርብ ያየችው ጎባ ከመጣች በኋላ የሆነችው ሰሚራ ኮምባይነር ደረሳት። ሁለቱም ጥሩ ነበሩ። ዳዊት ሰው ያስቃል፤ ሰሚራ ደግሞ ሰው ዝም ታሰኛለች። ከመዝጊያው በፊት ነጥባቸው እኩል ነበር።

ዳዊት ዘጋ። ሰሚራ ቀጠለች። ሁለት ደቂቃዋን ሞልቼ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ሦስት ነገር ተናግሬ ልጨርስ» አለች። «አንደኛ፣ ዝናብ ደቦ እስኪጠራ አይጠብቅም። እዚህ ሲናና ሜዳ ላይ ለአጨዳ የደረሰ ስንዴ አንድ ሌሊት ዝናብ ቢያድርበት...»

በሩ ተከፈተ።

«አሰላሙ አለይኩም» የሚል ጎርናና ድምፅ መጣ። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ጋቢ የለበሱ፣ ረጅም ዱላ የያዙ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመዋል። ጋቢያቸው ላይ የሰነቲ አቧራ አለ።

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነሳ። «ወአለይኩሙ ሰላም» ያለው ድምፅ ጣሪያውን ነካው። እትዬ አስካለ «ኖር!» አሉ። እኔም «ኖር!» ብዬ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ያሰብኩት ነገር የለም፤ ሽማግሌ ሲገባ እግሬ ራሱ ያውቃል።

በእኛ አገር ሽማግሌው «በእግዜር፣ ተቀመጡ» ይልና ጥግ ይይዛል፤ ነገሩ ከአሥር ሰኮንድ አይበልጥም። በባሌ እንደዚያ አይደለም። ሽማግሌው በፊተኛው ረድፍ አንድ በአንድ ሰላምታ ሰጡ። «አካም ጅርቱ? ነጋያ? ልጆቹ ደህና? ከብቱ ደህና?» የተጠየቀውም መልሶ ይጠይቃል። ዳዊት ሮጦ የራሱን ወንበር አመጣላቸው። ሰሚራ ከመድረኩ ወርዳ እጃቸውን ሳመች፤ ራሷን ዳበሷት፤ ተመልሳ ወጥታ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። እሳቸው ሳይቀመጡ መናገር አይቻልም። ይህን የሚል አንቀጽ የለም፤ አዳራሹ ውስጥ ግን የማያውቀው ሰው አልነበረም።

ወደ ዳኞች ጠረጴዛ መጡ። ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቁኝ። የአገሬን እህል ጠየቁኝ። ደህና ነው አልኩ። በደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆመው ዋና ዳኛው ቀኝ እጁን ሲያነሳ ብቻ ነው። ቀኝ እጄ የት እንደነበረ ተናግሬያለሁ።

ደወሉ ቢኖር ኖሮ ሳላነሳው አይጮህም ነበር። ደወል ሰው ይጠብቃል። ስልክ አይጠብቅም።

ሽማግሌው ሲቀመጡ ሁላችንም ተቀመጥን፤ ሰሚራ ቀና ብላ ስለ ዝናቡ የጀመረችውን ጨረሰች። «ሁለተኛ» ብላ ስለ ብክነት ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። «ሦስተኛ» ስትል ዶሮው ጮኸ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም።

መቆም ነበረባት፤ አልቆመችም። በዚያው ድምፅ፣ ሳትፈጥን፣ «በደቦ ቀን ያጨደው ሰው ይቆጠራል፤ ለአርባ ሰው ያበሰለችው አትቆጠርም። ኮምባይነር ለእሷ ነው የመጣው» ብላ ተቀመጠች። ከኋላ የነበሩ ሴቶች አጨበጨቡ። በዚያ አዳራሽ ከሰማሁት ሁሉ የተሻለው ንግግር ይህ ነው። ወረቀቴ ላይ ጻፍኩትና መስመር አሰመርኩበት፤ አይያዝም ማለት ነው።

በሁለት ነጥብ ተሸነፈች።

የጎባው አሠልጣኝ መምህር ገመዳ ወዲያው መጡ። ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። «መምህርት፣ ሰዓቱ ቆሞ ነበር?» አሉኝ።

«አልቆመም። ማቆም የነበረብኝ እኔ ነኝ» አልኩ። አፈርኩ። ሌላ ቃል የለውም፤ ፊቴ እስኪግል ድረስ አፈርኩ። ለሁለቱ ዳኞችም እንደዚያው ነገርኳቸው። እነሱ ግን ደንቡን ከእኔ በላይ አክብረውት ኖሯል፤ ያለ ቅሬታ ቅጽ ውጤት አይነካም አሉ። ቅጹን ደግሞ መሙላት የሚችለው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተወዳዳሪው ራሱ ነው። ይህም የእኔ አንቀጽ ነው።

ሰሚራን ጠርተን ከአዳራሹ ጓሮ አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጥናት። አንደኛው መስመር ላይ ስሟን ጻፈች። ሁለተኛው ላይ የሆነውን ጻፈች። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ። መስመሩ «ረብሻውን የፈጠረው ሰው ሙሉ ስም» ይላል። አንድ ዓመት ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንድ አባት በመስኮት ገብቶ ዳኛ ስለሰደበ ነው ያስገባሁት።

«መምህርት፣ ይህን ባዶ መተው ይቻላል?»

«ያልተሟላ ቅጽ አይታይም።»

«ታዲያ አካኮን ረብሻ ፈጣሪ ልበላቸው?»

«የእኔን ስም ጻፊ» አልኳት። «እጄን ያላነሳሁት እኔ ነኝ።»

አሰበችበት። «እርስዎ የተነሱት ለእሳቸው ነው። ምክንያቱን የሚጠይቅ ሰው ያው እሳቸው ጋ ይደርሳል። ደግሞ ቅጹ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል አይደል?»

ይለጠፋል። ያንን ማን እንደጻፈው መናገር አያስፈልግም።

«ሰሚራ፣ የመጨረሻ ዓመትሽ ነው እኮ» አሉ መምህር ገመዳ።

«አውቃለሁ፣ መምህር። ግን ሰው ልጁን ልስማ ብሎ ከሪራ ድረስ መጥቶ፣ ስሙ ረብሻ ተብሎ ይለጠፍ?» ወረቀቱን አጥፋ ለእኔ ሰጠችኝ። «ገለቶማ፣ መምህርት» ብላኝ አመስግና ወደ አያቷ ሄደች። ስለ ምን እንዳመሰገነችኝ እስካሁን አላውቅም።

ያን ምሽት እትዬ አስካለ ቤት ሽሮው ሳልነካው ተመለሰ። «ብዪ እንጂ ልጄ፤ ኖር ማለት ኃጢአት አይደለም» አሉኝ። ኃጢአት አለመሆኑን አውቃለሁ። ደብረ ብርሃን ስመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት ያንን ሦስተኛ መስመር መሰረዝ ነው፤ አንቀጽ ዘጠኝ ላይም ለአዛውንት ሲነሱ ሰዓት ይቆማል የሚል ጨመርኩ። ለሰሚራ የሚጠቅማት ነገር የለም።

አራተኛው ቀን

ባሌ ድረስ መጥቼ ሰነቲን ሳላይ እንዳልመለስ እትዬ አስካለ አስቀድመው ለአንድ ሾፌር ተናግረው ነበር። ሪራ ደርሶ በዚያው ቀን የሚመለስ ሚኒባስ ነው። ጎባ ለመሳፈር ስደርስ ሰሚራ ዩኒፎርሟን ለብሳ የአያቷን ጥቅል ይዛ ቆማለች። አስቀመጠቻቸው፣ ጋቢያቸውን አስተካከለች፣ እኔን «ደህና ይግቡ» አለችኝና ክፍል እንዳይረፍድባት ሮጠች። ባዶ የነበረው ወንበር ከሽማግሌው ጎን ያለው ብቻ ነው። ስማቸው ኦቦ ቃሲም ይባላል።

ሰነቲን የሚያውቅ ሰው ሊገርመው ይችላል፤ እኔ ግን አገሬ የገባሁ ነው የመሰለኝ። የእኛው የመንዝ ጓሳ ላይ የሚበቅለው ጅብራ እዚህም ቆሟል፤ ቀይ ቀበሮም አየን፣ እንደ መንደር ውሻ መንገዱን አቋርጣ ሄደች። ብርዱ ግን የሌላ አገር ነው። ኦቦ ቃሲም ሳይጠይቁኝ የጋቢያቸውን አንድ ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ስለ ንብ አወሩኝ፤ ቀፎ ዛፍ ላይ እንዴት እንደሚሰቀል፣ ንብ የሰው ችኮላ እንደማይወድ። ስለ ውድድሩ አንድ ቃል አላነሱም። እኔም አላነሳሁም። ከደጋው ስንወርድ ዛፎቹ ጢማቸውን አንጠልጥለው ተቀበሉን፤ ሙቀቱም አብሮ መጣ።

ሪራ ስንደርስ ሾፌሩ አንድ ሰዓት ይቆያል። ኦቦ ቃሲም ቤታቸው ሳልገባ እንደማያሳልፉኝ ተናገሩ። የልጃቸው ሚስት ትኩስ ወተት አቀረበች፤ ጾም መሆኑን ሳስረዳ «ማር ጾም አያውቅም» ብለው ሳቁ። በዳቦ አቀረቡልኝ። ዳኛ ከተወዳዳሪ ቤተሰብ ስጦታ አይቀበልም የሚለው አንቀጽ ትዝ አለኝ። በላሁ። የጠቆረ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ማር ነው፤ የእኛ አገሩ ነጭና ለስላሳ ነው።

ሾፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ኦቦ ቃሲም ዱላቸውን ይዘው እስከ በሩ ሸኙኝ። እዚያ ቆሙ።

«መሸነፏን ነግራኛለች» አሉ። «ደህና። መሸነፍ ያለ ነው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፣ መምህርት። መኪናው ሰነቲ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ቆይቼ ነበር። ስገባ ስትናገር ደረስኩ። ዘግይቼ ልጅቷን አበላሸሁባት እንዴ?»

ሻንጣዬ ውስጥ፣ በደብተሬ መካከል፣ ያ የታጠፈ ቅጽ ነበር። ሁለት መስመር የተሞላ፣ አንድ መስመር ባዶ።

«የለም፣ አባቴ» አልኩ። «በሰዓቱ ነው የደረሱት።»

ዓይኔን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ትከሻቸው ወረደ፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ሰሚራም እንደዚሁ ብላኝ ነበር፤ እኔን ለማስደሰት መስሎኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዳኛ ካለ ግን አለቀ።»